ረቢያና የጭቃው ሊግ

ረቢያ ኸሊፋ አርባ ዓመት እስኪሞላት ድረስ አንድም ቀን ቆማ ኳስ ሲጫወቱ አይታ አታውቅም። አባቷ ከወልቂጤ ወገን ጨርቅ በበቅሎ ጭነው ቦንጋ የገቡ ነጋዴ ነበሩ። ጨርቁን በማር ለወጡ፣ ማሩን ወደ ጅማ ሰደዱ፣ ቀስ በቀስም ከገበያው በላይ ሰፊ ግቢ አጥረው የማርና የሰም ንግድ ኩባንያ አቋቋሙ። እሳቸው ሲሞቱ ወንዶቹ ልጆች አዲስ አበባ ከትመው ስለነበር ኩባንያው ረቢያ እጅ ላይ ወደቀ። ሥራ አስኪያጅ ሆነች። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ረቢያ» ይላታል፤ ሚዛን ላይ ቆማ ስትቆጣ ግን ሰው ስሟንም ይረሳል።

የሚሊኒየሙ በዓል ሊደርስ ሲል፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ባንዲራ በሚያሰፋበት ሰሞን፣ አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛዋ የላከችለት ማር ውስጥ የሞተ ንብ አገኘሁ ብሎ አኮረፋት። ረቢያ ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ጥሩ የማር ማጥለያ ፍለጋ ጅማ ድረስ ሰው ላከች። በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ ስልክ ደወለና የተወረሰ ዕቃ በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን ነገራት።

«ምንድን ነው ዕቃው?»

«የብረት ቀለበት ከነመረቡ ይላል እትዬ። ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው።»

የብረት ቀለበት ከነመረቡ! ማጥለያ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ረቢያ ነገሩን ሳታይ «ያዝልኝ» አለች። ሐራጁን አሸነፈች። ከሷ ሌላ ተጫራች እንዳልነበረ የሰማችው ዘግይታ ነው።

ዕቃውን ባሏ ሚንሃጅ በኢሱዙው ጭኖ አመጣው። ሚንሃጅ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ምን እንደጫነ አልጠየቀም። ግቢው ውስጥ የመጀመሪያውን ሣጥን የከፈቱት የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ብርቱካንማ ቀለም የተቀባውን ወፍራም ቀለበት አወጡ፤ ነጩን መረብ በጣታቸው ዘረጉት፤ እጃቸውን ከላይ ሰደው በታች አወጡት።

«እትዬ፣ ይኼ ማጥለያ ቂጥ የለውም።»

«እንዴት ቂጥ አይኖረውም?»

«ክፍት ነው። ይኸው እጄ።»

ረቢያ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። «እስቲ ይሞከር» አለች። አንድ ሠራተኛ ቀለበቱን ያዘ፣ ሌላው ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠ፣ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከላይ ማር አፈሰሱ። ማሩ ከነሰሙ፣ ከነንቡ፣ ከነቅጠሉ ባልዲው ውስጥ ገባ።

«አጠለለ?» አለች ረቢያ።

«አሳለፈ» አሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ።

በዚህ ላይ እያሉ ነው ኢዮሲያስ ለጉንፋኑ ማር ሊገዛ የገባው። ኢዮሲያስ ከናዝሬት ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነው። ቁመቱ ከበሩ መቀርቀሪያ ብዙም አይበልጥም፣ ፊሽካ ግን ከአንገቱ አይለይም። ማር የሚንጠባጠበውን ቀለበት ሲያይ የያዘው ጣሳ ከእጁ ወደቀ።

«የቅርጫት ኳስ!» አለ። «እትዬ፣ ቦንጋ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ቀለበት! ምነው ማር አፈሰሳችሁበት?»

ሌሎቹ ሣጥኖች ሲከፈቱ አየር ያልተሞሉ ኳሶችም ወጡ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የውኃ መያዣ መስሏቸው አንዱን ለራሳቸው ወደ ጎን አድርገው ነበር። ኢዮሲያስ ቀለበቱን አቅፎ ጨዋታውን ሲያስረዳ ረቢያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። ኳሱ በላይ ገብቶ በታች መውጣቱ አልገረማትም፤ ሲሆን አይታዋለች። የሚያሳስባት ሌላ ነበር።

«ይኼን ዕቃ ማን ይገዛኛል?»

«እዚህ አገር? ማንም አይገዛም።»

«ለምን?»

«ቡድን የለማ። ቡድን የሚኖረው ሊግ ሲኖር ነው። ሊግ ማለት ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ እየተዘዋወሩ የሚጋጠሙበት ነው።»

«ሊግ ካለ እያንዳንዱ ቡድን ቀለበት መግዛት አለበት?»

«አለበት እንጂ። ያለ ቀለበት በምን ይጫወታል?»

«እንግዲያው ሊጉን እንሥራዋ» አለች ረቢያ፣ ልክ አጥር እንጠግን እንደምትል።

ኢዮሲያስ መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። በማግስቱ ግን ሚንሃጅ ኢሱዙውን አስነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ረቢያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ዋጫ ሄዱ። ዋጫ ላይ ነጋዴዎቹን ሰብስባ «ቦንጋ የራሱን ቡድን አቋቁሟል፣ እናንተ ግን ይቅርባችሁ፤ ከባድ ጨዋታ ነው» አለቻቸው። ዋጫዎች ተቆጡ። ለቦንጋ የቀለለ ለኛ የሚከብደው ምን ስለሆነ ነው ብለው ቀለበቱን እዚያው ገዙ። ከዚያ ቦንጋ ተመልሳ ለመንግሥት ሠራተኞቹ «ዋጫ ቀደማችሁ» አለች። ዋጫ ላይ የተናገረችው ሐሰት ነበር፤ በነጋታው ቦንጋም ቀለበቱን ገዛና እውነት ሆነ።

ሦስተኛው ቡድን ከማንኪራ ነው። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅሙና ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ገበሬዎች ለረቢያ ማር ያስገቡላታል። አለቃቸው ባፈና ይባላል፤ አንድ ጥቅል ገመድ ትከሻው ላይ ሳያደርግ ከቤቱ የማይወጣ፣ አማርኛን በአንተና በአንቺ ብቻ የሚናገር ሰው ነው።

«ይኼ ሊግ ፕሮፌሽናል ነው» አለው ኢዮሲያስ። «ፕሮፌሽናል ማለት ለመጫወት የሚከፈለው ማለት ነው።»

«በምንድን ነው የምትከፍይው?» አላት ባፈና ወደ ረቢያ ዞሮ።

«በማር።»

ባፈና ገመዱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «ረቢያ፣ ማሬን ወስደሽ ማሬን ትከፍይኛለሽ?»

ረቢያ በንግድ ዘመኗ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም። ብዙ ካወጡ ካወረዱ በኋላ በቦቲ ጫማ ተስማሙ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየወቅቱ አንድ ጥንድ ቦቲ ሊሰጥ፣ ቢያሸንፍ ደግሞ ለሚስቱ ሊጨመር ተወሰነ። የማንኪራ ሚስቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅርጫት ኳስ ወዳድ ሆኑ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በቦንጋና በማንኪራ መካከል ነበር። ሜዳው ታጨደ፣ ምሰሶ ቆመ፣ ሣንቃ ተመታ። ሰው ከገበያ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ባጃጆቹ ሥራ ትተው ዳር ዳሩን ተደረደሩ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ መሬት ይጠጣኛል አይጠጣኝም ብሎ አያስብም። ኢዮሲያስ ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ ፊሽካውን ነፋ፤ ኳሷ ወረደችና ጭቃው ውስጥ እንደ እንቁላል ቁጭ አለች። ማሙሽ የሚባል የቦንጋው ረጅም የሒሳብ ሠራተኛ አንሥቶ አነጠራት። ቁጭ አለች። ደግሞ አነጠራት። ደግሞ ቁጭ።

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። በሕጉ ኳሷን ሳያነጥሩ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው፤ ኳሷ ደግሞ አልነጥርም ብላለች። ኢዮሲያስ ደንቡን ገጽ በገጽ ያውቀዋል፤ ስለ ጭቃ የሚል አንዲት ቃል የለበትም። ወደ ረቢያ ሮጦ ሄደ።

«እትዬ፣ ጨዋታው ይቋረጥ?»

«ይኼን ሁሉ ሰው ሰብስበን? የማይሆን!»

«ኳሷ አትነጥርማ!»

«ነጠረች በላቸው» አለች ረቢያ። «ሰውየው ይሩጥ፣ በረገጠ ቁጥር ነጠረች ይበል። ካላለ ጥፋት ነው።»

ኢዮሲያስ ዓይኑን ጨፈነ። የናዝሬት አሠልጣኙ በሐሳቡ መጥተው ሳይገሥጹት አልቀሩም። ከዚያ ፊሽካውን ነፍቶ አወጀ። ማሙሽ ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጉጦ «ነጠረች! ነጠረች! ነጠረች!» እያለ ገሰገሰ። ሕዝቡም አብሮት «ነጠረች!» ይል ጀመር። አንድ የማንኪራ ተጫዋች ቀማው፤ ግን ትንፋሽ አጥሮት አንዱን እርምጃ ሳይናገር አለፈ። «አላለም! አላለም!» ብሎ ሜዳው ተናጠ። ኢዮሲያስ ነፋ። ጥፋት ነው።

ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጠረ። ረቢያ ለተጫዋቾቹ ብርዝ አቅርባ ስለነበር ጉልበት አግኝተዋል። ባፈና ኳሷን እንደያዘ ምሰሶው ሥር ደረሰ፣ ገመዱን ከትከሻው አወረደ፣ ምሰሶውን በገመዱ ታጥቆ እንደ ዛፍ ወጣው። ቀለበቱ አጠገብ ሲደርስ ኳሷን ቀስ አድርጎ፣ ቀፎ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ አስገባት።

ቦንጋዎች ጮኹ፤ ማንኪራዎች ዘለሉ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ቀፎ ሰቅለው አያውቁምና ስለ ገመድ ያሉት ነገር የለም። ረቢያ እንደገና ተጠየቀች። እሷም የሁለት ደንበኞች ጠብ እንደምትፈታው ፈታችው፦ የቻለ ይውጣ፤ ሲወጣ ግን ተቃራኒው ወገን ምሰሶውን መነቅነቅ ይችላል። ሁለቱም ወገኖች ፍርዱ ትክክል ነው ብለው ተስማሙ። ማንኪራ አሸነፈ። የምሰሶው ጉዳይ ግን ከዚያ ወዲህ በየግጥሚያው ሁለት ሁለት ሰው ለመነቅነቅ ብቻ እንዲሰለፍ አደረገ።

ወሬው በየቢሮው ሲዳረስ ሊጉ ኮሚቴ እንዲኖረው አቅጣጫ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አቶ ሀብተ ማርያም ሆኑ። በደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ ደርድረው የሚሄዱ፣ «ከዚህ አኳያ» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር የማይጀምሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እንደመጡ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ ግምገማ መደረግ ጀመረ። ተሸናፊው ድክመቱን ይናገራል፣ አሸናፊው ግለ ሂስ ያደርጋል። ቦንጋ ዋጫን ባሸነፈበት ቀን ማሙሽ ተነሣ ተባለ።

«ከዚህ አኳያ» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ «ጓድ… ማለቴ አቶ ማሙሽ ነጥቡን ሁሉ ለብቻቸው ነው ያስቆጠሩት። ቁመታቸውን ለግል ጥቅም የማዋል ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ይህን እንዴት ያዩታል?»

ማሙሽ ለደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ ሰው ነው። ተቁለጨለጨና «ቁመቴን በተመለከተ የቀረበብኝን ሂስ ተቀብዬ ለማሻሻል ዝግጁ ነኝ» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጉልበቱን አጥፎ ተጫወተ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እንደ ዳክዬ እየተወላገደ ዞረው። ቦንጋ ተሸነፈ። በግምገማው ላይ ማሙሽ ከፍተኛ መሻሻል አሳይቷል ተብሎ ተመሰገነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጀመሪያው ወቅት አለቀ። ትምህርት ቤቶቹ ይገባናል አሉ፤ ቀበሌዎቹ ተቀናኑ፤ አንድ ሻይ ቤት ሳይቀር ቀለበት ገዝቶ በሩ ላይ ሰቀለ። አንድ ቀን አቶ ወልደ ጊዮርጊስ መጥተው መጋዘኑ ባዶ መሆኑን ነገሯት። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ሚንሃጅ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥያቄ ጠየቀ።

«እንግዲህ ዕቃው አልቋል። ሊጉ ይቅር?»

ረቢያ ጉርሻዋን ወደ አፏ ሳታደርስ ቆመች። ሊጉን የፈጠረችው ዕቃውን ለመሸጥ ነው፤ ዕቃው ተሸጧል። በንግድ ቋንቋ ነገሩ አብቅቷል። ቀኑን ሙሉ ግን ስታስብ የዋለችው የዋጫ ሜዳ ቁልቁል ስለሆነ ዳገቱን የሚጫወተው ቡድን ብርዙን ቀድሞ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ የሚለውን ነው።

«ነገ ማንኪራ የሚወስደን መንገድ እንዴት ነው?» አለችው።

ሚንሃጅ ገባው። «ጭቃ ነው» አለና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

በሁለተኛው ወቅት ነው አቶ ግዛቸው ከላይ የመጡት። አቶ ግዛቸው በወጣትነታቸው ስመ ጥር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጫማቸው የሚያበራ ባለሙያ ናቸው። ካፋ ውስጥ ፕሮፌሽናል ሊግ አለ ሲባል ሰምተው በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብለው ነው የመጡት። ያጋጣሚ ነገር ሆኖ የደረሱበት ቀን ግጥሚያው ማንኪራ ላይ ነበር። ኢሱዙው እስከሚችለው ሄደ፤ ከዚያ በእግር ነው። የሚያበራው ጫማ ቡናው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ረቢያ ከመጠባበቂያው ቦቲ አውጥታ ሰጠቻቸው።

አቶ ግዛቸው ቦቲ ተጫምተው ከአቶ ሀብተ ማርያም ጎን ተቀመጡ። «ነጠረች»ን ሲሰሙ አንድ ጊዜ ብቻ ሳሉ። ምሰሶ ነቅናቂዎቹ ሲሰለፉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዋጫ እየመራ፣ ማንኪራ እያሳደደ፣ ጨዋታው በጦፈበት ሰዓት ከጫካው አንድ ድምፅ መጣ። ሰማዩ ላይ ቡናማ ጭስ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ወረደና በማንኪራ ቀለበት ላይ አረፈ። የንብ መንጋ ነው። ቀለበቱ ጠፋ፤ በቦታው የሚርመሰመስ ጺም ተንጠለጠለ።

ባፈና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «መጡ!» አለ። «ራሳቸው መጡ!»

የዋጫ ልጅ ግን ወርውሮ ነበር። ኳሷ አየር ላይ ናት። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ አያት። ሄደች፣ ሄደች፣ ንቦቹ መሐል ጧ ብላ ገባችና እዚያው ተቀመጠች። አልወደቀችም።

የማንኪራ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም ያለበት ቦታ በደረቱ ተኛ። አቶ ሀብተ ማርያም ከነእስክሪብቶአቸው ቡናው ውስጥ ገቡ። አቶ ግዛቸው ብቻ ሮጡ፤ ሲሮጡም እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። ንብ ደግሞ የሚወናጨፍ እጅ አይወድም።

ረቢያ አባቷ ግቢ ከንብ ጋር ያደገች ናት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጠቅልላ ቀስ እያለች ሄዳ አቶ ግዛቸውን ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው፤ የራሷን ሻርፕ አለበሰቻቸው። መንጋው ሲረጋጋ የአቶ ግዛቸው ሁለቱም ዓይን አብጦ ተዘግቶ ነበር።

አሁን ክርክሩ ተነሣ። ዋጫዎች ገብታለች አሉ፤ ማንኪራዎች አልወጣችም አሉ። ኢዮሲያስ ላቡን ጠርጎ ወደ ባለሙያው ቀረበ።

«ጋሽ ግዛቸው፣ እርስዎ ከሁላችን በላይ ያውቃሉ። ነጥብ ነው አይደለም?»

«አላየሁም» አሉ አቶ ግዛቸው።

«ኳሷ ንቦቹ ላይ ተቀምጣለች። ቀለበቱ ውስጥ ናት፣ ግን አልወደቀችም።»

አቶ ግዛቸው ያበጠ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። የሠላሳ ዓመት ልምዳቸውን ሲያገላብጡ ይታያል። በመጨረሻ «ጨዋታው ክፍት ይሁን» አሉ። «ኳሷ በቀለበቱ ካለፈች ነጥብ ናት። በላይ ከወጣች አይደለችም። ይጠበቅ።»

ተጠበቀ። ሁለቱም ቡድኖች ምሰሶውን በሩቁ ከብበው፣ ሕዝቡ ከኋላቸው፣ ሁሉም አንጋጦ። ንቦቹ ምንም የሚያስቸኩላቸው አልነበረም። አንዱ ቆጮ አመጣ፣ ሌላው ጎመን፤ ሰው እየበላ ጠበቀ። አቶ ሀብተ ማርያም ሁኔታው ከቁጥጥር ውጭ አለመሆኑን እየዞሩ ለሰው ተናገሩ።

በመጨረሻ ያልቻለው ባፈና ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ መንጋውን እንዳይወስድበት ፈራ። ባዶ ቀፎ አስመጣ፣ በገመዱ ወጣ፣ ቀፎውን ከሥር ደግኖ መረቡን በእጁ አንድ ጊዜ አራገፈው። መንጋው ቀፎው ውስጥ ወረደ፤ ኳሷም በቀለበቱ አልፋ፣ የቀፎውን ጫፍ መትታ፣ ጭቃው ላይ ዱብ አለች።

ኢዮሲያስ ፊሽካውን ነፋ። ሰዓቱ ቀድሞ አልቆ ነበርና ዋጫ አሸነፈ።

«ባፈና! ምን አደረግኸን?» ብለው የገዛ ወገኖቹ ጮኹበት። «ሸጥከን እኮ!»

ባፈና ቀፎውን አቅፎ፣ ጆሮውን ለጥፎ የንቦቹን ድምፅ እያዳመጠ ወረደ። «ነጥብ ማር አይሰጥም» አላቸውና ወደ ቤቱ ሄደ።

አቶ ግዛቸው ሁለት ቀን ረቢያ ቤት ተኝተው ታከሙ። ፊታቸው መልክ ሲይዝ ምን እንደሚያስቡ ጠየቀቻቸው።

«እትዬ ረቢያ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ይኼ ቅርጫት ኳስ አይደለም።»

«ይሁን» አለች ረቢያ፣ አንገቷን ሰብራ።

እሳቸው ቦቲውን ሊመልሱ አውልቀው ያዙት፣ ግን አልሰጧትም። «ቀጣዩ ግጥሚያ መቼ ነው?» አሉ።

ሊጉ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። የላይኞቹ አልመዘገቡትም፣ አልከለከሉትምም። ኢዮሲያስ ወደ አገሩ ለመዛወር የጠየቀው ሲፈቀድለት እንቢ ብሎ ማመልከቻው እንዲሰረዝለት ሊያመለክት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። ማሙሽ የደረጃ ዕድገቱን አገኘና ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። ረቢያ ቀለበቶቹ ሲዝጉ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ከሱቅ በሙሉ ዋጋ ገዛች፤ ወንድሞቿ ይኼን ሲሰሙ ታማለች ብለው ሊጠይቋት መጡ።

በአንድ የክረምት መግቢያ፣ ዋጫ ላይ ከተደረገ ግጥሚያ ሲመለሱ፣ ቦንጋ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ኢሱዙው ተቀረቀረ። ላዩ ላይ ቦንጋም ማንኪራም ነበሩ፤ ሊጉ ያለው መኪና አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ወርዶ መግፋት ጀመረ። እየገፉም ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ነጠረች አላልክም ይላል፣ ሌላው ብያለሁ በሆዴ ነው ያልኩት ይላል። መኪናው አልንቀሳቀስም አለ። ረቢያ ከጋቢና ወርዳ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትከሻዋን ከኋላው ሰጠች።

«እትዬ፣ ኧረ ይተዉ!» አለ ኢዮሲያስ።

«ዝም ብለህ ግፋ!»

ገፉ። ጎማው ጭቃውን ረጭቶ ድንገት ተፈናጠረ፤ ረቢያና ሁለቱ ቡድኖች በአንድነት በግንባራቸው ተደፉ። ቀና ሲሉ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው። ረቢያ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ሞከረች፣ አቃታት፣ ከዚያ ሳቅ ያዛት። ጭቃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሥራ አስኪያጅ ከሆነች ጀምሮ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ሚንሃጅ ግን መኪናው መውጣቱን እንጂ ሰው መቅረቱን አላየም። ደግሞ እንዳይቀረቀር ብሎ ሳያቆም ነዳው። ጋቢናው ውስጥ ሚስቱ አለመኖሯን፣ ከኋላም ማንንም እንዳልጫነ ያወቀው ቦንጋ ገበያው ጋ ደርሶ «በሉ ውረዱ!» ብሎ ሲጮህ ነው።